በሌላ ስም የተጸለየላት ልጅ

ቡሬ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አምለሰት፣ አዲስ አበባ

በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ «እኔ ደህና ነኝ» ይባላል ብለው አስተምረውናል። ሦስት ወረቀት እንደዚያ ጀምሬ ቀደድሁ። ደህና አይደለሁም። አንቱስ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎን እንደሚያምዎት ልጄ ሠርኬ ጽፋልኝ ነበር።

ስልኩን ፍኖተ ሰላም ለሚኖረው ለወንድሜ ለደስታው የደወሉለት ቀብሯ በዋለ ማግስት ነው አሉ። ለእኔ የደረሰኝ ኅዳር 22 ቀን ነው። ጠዋት አውድማ እየለቀለቅሁ ነበር፤ እጄ እስከ ክርኔ እበት ነው። ደስታው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሲመጣ አየሁት። ከፍኖተ ሰላም በዚያ ሰዓት የሚደርስ መኪና የለም፤ ለካ ጎረቤት አድረው ኖሯል። እንደምን አደርሽ አላለኝም። «እስቲ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አለኝ።

ሥራ ላይ ያለች ሴት እጅሽን ታጠቢ ትባላለች? «ማን ነው?» አልሁት። «ታጠቢ እንጂ፣ እቴዋ» አለኝ። «ያለችኝ አንዲት ልጅ። ማን ነው ብዬ ምን አደርቅሃለሁ» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቁት ሌሎች ናቸው።

ለቅሶው ላይ የምናወጣው ልብስ አልነበረንም፤ ሁሉንም ይዛ ሄዳለች። ያለችን አንቱ የላኩልኝ ፎቶ ብቻ ናት፤ ያቺ በእግር ጣቷ ቁማ ሌላውን እግሯን ወደ ላይ የሰቀለችባት። በሰው ፊት እንዴት ትውጣ? ደስታው ከአንገቷ በታች በነጠላ ሸፈናት። ነጠላው እየተንሸራተተ አንዲት አሮጊት አዩና «ወይኔ ልጄን! እግሯን ምን አግኝቷት ነው?» ብለው እንደ አዲስ ለቅሶ ጀመሩ። በዚያ ሁሉ መካከል ሳቄ መጣ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ልጄን አፈር ስላለበሱልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ብዙ እቀመጣለሁ። ምን ሕመም ነው ብዬ ብጠይቀው ደስታው በድንገት ነው ይለኛል። እሱን ቀስ ብለው ይነግሩኛል። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ይጻፉልኝ። ፍትሐት የተደረገላት በየትኛው የክርስትና ስም ነው? ስሙንስ ማን ነገራችሁ? አርባዋ ታኅሣሥ 26 ነው። ከዚያ በፊት መልሱ ቢደርሰኝ።

ወይኒቱ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ወይኒቱ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከዚህ የተሻለ ነገር መጻፍ ነበረብኝ፤ ነገር ግን በወጣትነቴ ሶቪየት ኅብረት ተልኬ ባሌት ስማር፣ ኋላም በየመድረኩ ስደንስ ዕድሜዬ አልፎ፣ ቃል የምሰበስብበት ጊዜ አላገኘሁም።

የጠየቁኝን ላስቀድም። ፍትሐቱ የተደረገላት ወለተ ጻድቅ በሚለው ስም ነው። ለካህኑ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ለእኔ የሰጠችኝ ራሷ ሠርክአዲስ ናት። ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም «ምናልባት ነገር ቢመጣ ይወቁት» ብላ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በእጇ ጻፈችልኝ። ያን ጊዜ ሳቅኩባት። አርባዋንም በዚሁ ስም እናወጣለን። ተማሪዎቼ ተዘጋጅተዋል፤ አይስጉ።

ሕመሙ በድንገት ነው። በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

እኔም የምጠይቅዎት አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት ያመጣኋት ለዞኑ የኪነት ቡድን ስትወዛወዝ አይቻት ነው። ለባሌት ዕድሜዋ አልፎ ነበር፤ እግሯ እንደ ሕፃናቱ አይታዘዝላትም። ነገር ግን ሌላ ትምህርት አለኝ። ሙዚቃውን አጠፋና ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ወለሉን በከዘራዬ አንዴ እመታለሁ፤ «አሁን የመጣላችሁን ደንሱ» እላቸዋለሁ። ሌሎቹ ያጠኑትን ይደግማሉ። እሷ ዝም ብላ ትቆማለች። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ስላት «እስኪመጣ ነዋ፣ እትዬ» ትለኛለች። ሲመጣላት እኔ ከዘራዬን እረሳለሁ።

ውዝዋዜ መድረስም አስተማርኳት፤ ማን ከየት ይገባል፣ ማን ይቆማል፣ ማን ይወድቃል የሚለውን። የራሷን ድርሰት ጀምራ ነበር። አንዲት ሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተመልካች ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ የቀሩት በዙሪያዋ ይደንሳሉ። ማን ናት ብላት «እናቴ ናት» አለችኝ። መጨረሻውን ሳትደርሰው ቀረች። ሴትዮዋን ሆና የምትቆመው ተማሪዬ አደይ በየልምምዱ «ማብቂያው ላይ እዞራለሁ ወይስ አልዞርም?» ትለኛለች። እኔ አላውቅም። እርስዎ ያውቁ ይሆን?

አምለሰት

*

ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አምለሰት

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥር 3 ቀን ነው። ቡሬ ፖስታ ቤት ለገና ዘግተው ሰነበቱ። አርባዋ አልፏል።

የጻፉልኝ ስም የልጄ አይደለም። አንቱ አላጠፉም፤ እሷም አላጠፋችም። እንዴት እንደሆነ ዛሬ ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ያ ሁሉ ጸሎት ታዲያ ለማን ሄደ? ወለተ ጻድቅ የምትባል የማላውቃት ነፍስ ተቀብላው ይሆናል፤ አልቀናባትም። የእኔዋ ግን ስሟ እስኪጠራ ቁማ የምትጠብቅ ይመስለኛል። መጠበቅ ታውቅበታለች ብለው የለ።

የመጣላችሁን ደንሱ የሚሉት ለእኛም እንግዳ አይደለም። አልቃሽ ግጥሙን ከቤቷ ይዛ አትመጣም። ለቅሶ መሐል ትገባለች፣ የሟችን ቤት ታያለች፣ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ይመጣላታል። እኔም በሰው ለቅሶ ላይ እንደዚያ ነበርሁ። ሠርኬ በጀርባዬ ታዝላ፣ ኋላም የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ስታየኝ ነው ያደገች። ለእሷ ግን አንድ ስንኝ አልመጣልኝም።

አሁን ስለጠየቁኝ። ልትሄድ ስትነሳ ሳምንት ሙሉ ተጣልተናል። «እማ፣ ባሌት እኮ የተከበረ ነገር ነው» ትላለች። «ምን ያደርጋሉ?» እላታለሁ። «በእግር ጣት ይቆማሉ።» «ምን ሊያወርዱ? ቆጥ ላይ ዶሮ አለ?» ደስታው ከሳቁ የተነሳ ከመደቡ ወረደ። እሷም ሳቀች፤ ኋላ አለቀሰች። «አንቺ ለቅሶ ላይ የምታደርጊውን ነው እኮ የምማረው» አለችኝ። «እኔ ለሙት ነው፤ አንቺ ለከፈለ ሁሉ ልታደርጊው ነው» አልኋት። ይህን ቃል ተናግሬአለሁ።

ቡሬ መናኸሪያ የወረድሁ ልሸኛት አልነበረም፤ ከአውቶቡስ ጎትቼ ላስቀራት ነው። ገባች፤ በመስኮት «እማ፣ መርቂኝ» አለችኝ። ጀርባዬን ሰጠኋት። የተቆጣሁ መስዬ ነው እንጂ ፊቴን እንባ ሞልቶት ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አለ። መኪናው ተነስቶ የነቀምቱን መገንጠያ እስኪያልፍ ድረስ እንደዚያው ቆምሁ። ደስታው «በመስኮት ግማሽ አካሏ ወጥቶ አንቺን ነበር የምታየው» አለኝ። አልዞርሁም። መልሴ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ተጻጽፈናል፤ እንደ እናትና ልጅ፣ ስለ ላምና ስለ ዝናብ። ያንን ቀን ግን አንዳችንም አላነሳነው።

ሕመሟን ይንገሩኝ። በድንገት አይበሉኝ። ጤነኛ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ «ምናልባት ነገር ቢመጣ» ብላ ስሟን በሰው ደብተር አትጽፍም።

ወይኒቱ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ወይኒቱ

ለወንድምዎም ለእርስዎም በድንገት ነው አልኩ። ውሸት ነው።

ልቧን ታማ ነበር። ከመሞቷ አሥራ አራት ወር አስቀድሞ አውቀናል። ሐኪሙ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ አሟት ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት፤ ከዚያ የመጣ ነው አለ። ሰውነት የሚያደክም ነገር ሁሉ ይቅር ተባለ። «ለእማ ከነገሩብኝ ዛሬውኑ እወጣለሁ፤ የት እንደገባሁም አያውቁም» አለችኝ። ዝም አልኩ። ባሌቱን አስቆምኳት። ድርሰቷንና የመጣላትን መደነስ ግን ተውኩላት። «እጄን ብቻ ነው፣ እትዬ፤ ቀስ ብዬ» አለችኝ። እጅ ብቻ የሚባል ዳንስ እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም ማመን ስለፈለግኩ አመንኳት።

ኅዳር 17 ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነበር። ወለሉን መታሁ። ቆመች። ጠበቀች። ከዚያ መጣላት። ከዘራው በእጄ ነበር፤ አንዴ ብደግመው ትቆም ነበር፤ ደንባችን እንደዚያ ነው። አልመታሁም። በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንደዚያ ያለ አላየሁምና እስኪያልቅ አየሁ። ሲያልቅ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ውሃ ጠየቀች። አደይ ውሃውን ይዛ ስትመለስ አልደረሰችባትም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። እውነተኛ ስሟን ግን ይላኩልኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ራሴ እወስደዋለሁ።

አምለሰት

*

ቡሬ ዙሪያ፣ መጋቢት 30 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አምለሰት

ደብዳቤዎን አንብቤ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ስንት ቀን ካንቱ ጋር በሆዴ ተጣላሁ። አንዴ መምታት! ልጅ ናት፤ አንቱ ትልቅ ሰው ነዎት። ኋላ ደግሞ ጉሮሮዋን ያሉት ነገር እየተመለሰ መጣብኝ። አዎ፣ በየክረምቱ ያማት ነበር። በነጭ ሽንኩርትና በማር ነው ያሳደግኋት። ቡሬ ጤና ጣቢያ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አልወሰድኋትም፤ ያልፋል እያልሁ። ይህን ካሰብሁ በኋላ አንቱ ላይ ያነሳሁትን እጅ የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ።

ጾም ነው፤ ቂም ይዤ መጾም አልፈለግሁም። ይቅር ብያለሁ ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁ። አልመጣልኝም። ይቆይ። የማይሰማኝን አልጽፍም።

ስሙን ለምን እንደደበቅሁ ግን ልንገርዎ። ከሠርኬ በፊት ሦስት ልጅ ቀብሬአለሁ። ሦስተኛው ወንድ ነበር፣ የሁለት ዓመት። አንዲት ጎረቤቴ የክርስትና ስሙን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። በሳምንቱ ሞተ። ሰው «ስሙን ለደብተራ ሰጥታብሽ ነው፤ በስሙ ጽፎበት ነው» አለኝ። አመንሁ። ሠርኬ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ስሟን የሰማነው ቄሱ፣ የክርስትና እናቷና እኔ ብቻ ነን። ሁለቱንም አስምያለሁ።

ሰባት ዓመት ሲሆናት መጥታ «እማ፣ የክርስትና ስሜ ማነው? ልጆቹ ሁሉ የራሳቸውን ያውቃሉ» አለችኝ። የልጅ አፍ ነው፤ ለሁሉ ትነግራለች ብዬ ፈራሁ። አየኋት፤ በዚያች ቅጽበት የመጣልኝን ስም ሰጠኋት። ወለተ ጻድቅ ነሽ አልኋት። ደስ ብሏት እየዘለለች ሄደች። ስታድግ እነግራታለሁ አልሁ። ስትታጭ አልሁ። ልትሄድ ስትል ልነግራት አስቤ ነበር፤ በዚያ ጠብ መሐል እንዴት ይነገራል? በደብዳቤም አይጻፍ፤ ስንት እጅ ያልፋል።

እሷም አምና፣ ሞቷን እያወቀች፣ የእኔን ውሸት በደብተርዎ ላይ አስቀመጠችልዎት። አሁን ቄሱም የክርስትና እናቷም ሞተዋል። እኔ ብሞት ስሟን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

ልጽፈው እጀምርና እተወዋለሁ። ሞታለች፤ ከእንግዲህ ማን ምን ያደርጋታል? አውቃለሁ። ሆኖም ሃያ ሁለት ዓመት የዘጉት አፍ በአንድ ቀን አይከፈትም። ትንሽ ይታገሡኝ።

ወይኒቱ

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ወይኒቱ

አልመጣልኝም ያሉትን እጠብቃለሁ። ባይመጣም እረዳዎታለሁ።

ወዳስቀበርንበት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለካህኑ ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ማንን እንደተጣራን ያውቃል» አሉኝ። «እናቲቱን ግን ይህ አያሳርፋትም» አልኳቸው። «እንግዲያ ስሙ ይምጣልን። ለሙት ዓመቷ በመቃብሯ ላይ በስሟ እንጸልያለን» አሉ። ወረቀቱን ከፈሩት ቡሬ ድረስ ልምጣ፤ በጆሮዬ ይንገሩኝ። ጉልበቴ አውቶቡስ አይወድም፤ ግን እመጣለሁ።

ተማሪዎቹ ኅዳር 17 ቀን ድርሰቷን ለሰው ማሳየት ይፈልጋሉ። መግቢያ አናስከፍልም። ስለ እሷ የሚናገር ወረቀት አሳትመን ለሚመጣው ሁሉ እናድላለን። እርስዎ አይሆንም ካሉ አይሆንም። አደይ አሁንም ስለ መጨረሻው ትጠይቃለች። ሰው እንዲጽናና ቢያዞሩኝ ትለኛለች።

አምለሰት

*

ቡሬ ዙሪያ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአምለሰት

ክረምቱን ዝም በማለቴ ይቅርታ። አባይ ሞልቶ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ጉልበትዎን አያድክሙ፣ አይምጡ። ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ።

ከመስቀል በኋላ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ወልደ ዮሐንስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ወይኒቱ፣ ያ ወንዱ ልጅሽ የሞተው መቼ ነው?» አሉኝ። ዓመቱን ነገርኋቸው። «ኩፍኝ ነው እኮ» አሉኝ። «በዚያ ወር እኔ ራሴ ከዚህ መንደር ዘጠኝ ሕፃናት ቀብሬአለሁ። የዘጠኙንም ስም ጎረቤትሽ ጠይቃ ኖሯል?»

ቁጭ አልሁ። ያቺን ጎረቤቴን እስክትሞት ድረስ እሳት አላበደርኋትም፤ ለቅሶዋም አልደረስሁ። ከንቱ ነበር። ልጄን ከማን ነው የደበቅኋት?

«ቀኖና ይስጡኝ» አልኋቸው። «ስግደት ባዝዝሽ የሚደክመው ጉልበትሽ ነው እንጂ ኃጢአትሽ አይደለም» አሉኝ፤ ቀልደኛ ናቸው። ኋላ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ከሰው የሸሸግሽውን ለሰው ንገሪ። ለአንድ ቄስ በጆሮ አይደለም። ለማታውቂው ሰው፣ ልታስቆሚው ለማትችይው ሰው ሁሉ» አሉኝ። ለማላውቀው ሰው ከየት አባቴ አምጥቼ እላለሁ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የአንቱ ወረቀት ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ፈቅጃለሁ፤ አሳዩት። አደይን ግን አታዙሯት። እግዚአብሔር ይባርካት፣ ለሰው አዝና ነው። እኔ አልዞርሁም። ሠርኬ ያየችው ጀርባዬን ነው፤ ያየችውን ነው የደረሰች። እኔን ደግ ለማድረግ የልጄን ሥራ አትንኩብኝ።

ያ ይቆይ ያልሁትም መጣ። አንድ ቀን አጨዳ ላይ ሳለሁ፣ ምንም ሳላስበው፣ ካንቱ ጋር የነበረኝ ጠብ እንደሌለ አወቅሁ። እስኪያልቅ አየሁ ብለውኛል። እንኳን አዩላት። እኔ አላየሁላትምና። ይቅር ብያለሁ፤ እርስዎም ስለ ስሙ ይቅር ይበሉኝ።

በሙት ዓመቷ ደስታው ይመጣል። እኔ እዚሁ ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስም እንድትጠራ። ከዚህ በታች ያለውን እንዳለ አሳትሙልኝ። ፊደሉ የተሳሳተ ካለ አርሙት፤ ስሙን ግን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው።

ወይኒቱ

ለሚመጣው ሰው ሁሉ የሚሰጥ፦

«ይህን ወረቀት የያዛችሁ፣ የማላውቃችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ። እኔ ከቡሬ ወረድ ብሎ ባለ መንደር የምኖር ገበሬ ነኝ። ዛሬ ሥራዋን ያያችሁላት ሠርክአዲስ ልጄ ናት። ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችው ሴት እኔ ነኝ።

ልጄ የተጠመቀችበት ስም እህተ ማርያም ነው። እኔ እናቷ ፈርቼ ከእሷም ከሰውም ደበቅሁት፤ ስሟን ሳታውቅ ሞተች፤ በማይሆን ስም ተጸለየላት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚህ ስትወጡ ወረቀቱን ብትጥሉት አልቀየምም። ሳትጥሉት በፊት ግን አንድ ጊዜ፣ በቤተ ክርስቲያንም ይሁን በመንገድ፣ ድምፅ አውጥታችሁ በስሟ ጸልዩልኝ። ጸሎት የማያውቅ ስሟን ብቻ ይጥራልኝ፤ እሱም ይበቃኛል። የሚያውቅ ደግሞ፣ አቤቱ የአገልጋይህን የእህተ ማርያምን ነፍስ በቅዱሳንህ አጠገብ አሳርፍ ይበልልኝ።»